በቱምቢ የሚነበብ የውዝዋዜ መጽሐፍ

መጽሐፉን ያገኘሁት ዴልሂ፣ ዳሪያጋንጅ በሚባለው ሰፈር፣ በእሁዱ የአሮጌ መጽሐፍ ገበያ ነው። ያኔ ገበያው የሚዘረጋው እግረኛ መንገዱ ላይ ነበር። በኋላ ማሂላ ሀት ወደሚባል ግቢ ተዛውሯል። እኔ የምፈልገው የአፈር ምህንድስና መጽሐፍ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪዬን የምማረው በሲቪል ምህንድስና ነው፤ አዲስ መጽሐፍ መግዛት ደግሞ ኪሴ አይችልም። ሻጩ ላስቲክ ላይ የከመረውን ስፈነቅል ከሥር አንድ ትልቅ ጥራዝ ወጣ። ገለጥ ሳደርገው አንዲት የድንጋይ ሴት አየሁ። አንገቷን ወደ አንድ ጎን፣ ወገቧን ወደ ሌላው ሰበር አድርጋ ቆማለች። እንደዚያ ተጣሞ የሚቆም ግድግዳ ቢሆን ኖሮ አፍርሱት ነበር የምለው። እሷ ግን አልወደቀችም።

ሻጩ 900 ሩፒ አለኝ። 300 አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በ550 ተስማማን። የአፈሩን መጽሐፍ ረስቼው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ርዕሱ «ክላሲካል ኢንዲያን ዳንስ ኢን ሊትሬቸር ኤንድ ዚ አርትስ» ይላል። የህንድ ክላሲካል ውዝዋዜ በሥነ ጽሑፍና በሌሎች ጥበባት ውስጥ እንደ ማለት ነው። ደራሲዋ ካፒላ ቫትስያያን ናቸው። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ያሳተመው ሳንጊት ናታክ አካዳሚ፣ ማለትም የህንድ የሙዚቃ፣ የውዝዋዜና የቴአትር ብሔራዊ አካዳሚ ነው።

እውነቱን ልናገር። ከዚያ ቀን በፊት የህንድ ውዝዋዜ ማለት ለእኔ የሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር። አንድ ብር ከፍለን፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን፣ አሚታብ ባቻን ሰው ሲያራግፍ እናያለን። ከዚያ ድንገት ዝናብ ይጥላል፣ ልጅቷ ዛፍ ትዞራለች፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቁ 40 ሰዎች ከኋላዋ ይጨፍራሉ። ቋንቋውን ሳናውቅ ዘፈኑን በቃላችን እንዘፍን ነበር። ስለዚህ መጽሐፉን የከፈትኩት የፊልሙን አያት አገኛለሁ ብዬ ነው። ያገኘሁት ሌላ ነገር ነው።

ስለ ደራሲዋ ትንሽ ልበል። ካፒላ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1928 ዴልሂ ውስጥ ነው። በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተማሩ። አሜሪካ ሄደው በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሩ፣ ዶክትሬታቸውን ደግሞ በባናራስ ሂንዱ ዩኒቨርሲቲ ሠሩ። በኋላ ዴልሂ ያለውን የኢንዲራ ጋንዲ ብሔራዊ የሥነ ጥበባት ማዕከል መሥርተው መርተዋል። በ2011 ፓድማ ቪቡሻን የተባለውን የአገሪቱን ሁለተኛ ትልቅ የሲቪል ሽልማት ተቀበሉ። በ2020 በ91 ዓመታቸው አረፉ። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ራሳቸው መጨፈራቸው ነው። ካታክና ማኒፑሪ የሚባሉትን የህንድ ውዝዋዜዎች ተምረዋል። ስለ ጉልበት ሲጽፉ ጉልበቱን አሞት የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል።

መጽሐፉ ቀላል ነው ብዬ አልዋሽም። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ልብ ያወልቃሉ። አንድ አንቀጽ ውስጥ አሥር የሳንስክሪት ቃል ይደረደራል። ናትያ ሻስትራ የሚባለውን የጥንት መጽሐፍ የምታውቅ መስሏቸው ነው የሚያወሩህ። እኔ አላውቅም ነበር። ባራታ ለሚባል ጠቢብ የሚሰጥ፣ ስለ ቴአትር፣ ስለ ውዝዋዜና ስለ ሙዚቃ የተጻፈ፣ 6000 ገደማ ስንኝ ያለው ድርሳን ነው። ከመድረክ አሠራር ጀምሮ እስከ ቅንድብ አነሳስ ድረስ ሕግ አለው። ተመልካቹ የሚቀምሳቸውን ስሜቶች ስምንት ብሎ ይቆጥራል፦ ፍቅር፣ ሳቅ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መደነቅ። ዘጠነኛውን፣ ሰላምን፣ የኋላ ሰዎች ጨመሩበት። ይሄን ያህል ካወቃችሁ የመጀመሪያውን ምዕራፍ በሕይወት ትወጡታላችሁ።

እኔን ያዳነችኝ የአከራዬ ልጅ ናት። የምኖረው ማዩር ቪሃር በሚባል ሰፈር፣ ከታሚል ናዱ የመጣ ቤተሰብ ጋ ነበር። እናትየውን አንቲ እላቸዋለሁ። ልጅቷ 11 ዓመቷ ነው፣ እኔን «አና» ትለኛለች፤ በታሚል ጋሼ እንደ ማለት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ባራታናትያም የሚባለውን የደቡብ ህንድ ውዝዋዜ ትማራለች። ማታ ማታ ሳሎን ውስጥ ስትለማመድ ወለሉ ይርገበገባል። «ታይ ያ ታይ፣ ታይ ያ ታይ» እያለች፣ ጉልበቷን ወደ ጎን ከፍታ፣ ግማሽ ቁጭ ብላ እግሯን ትደቃለች። ያ ግማሽ መቀመጥ አራይማንዲ ይባላል። ሞከርኩት። ሁለት ደቂቃ አልቆየሁም፣ ጭኔ እሳት ሆነ። አንቲ ከወጥ ቤት ሆነው ሳቁብኝ።

አንድ ማታ መጽሐፉን ይዤ ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ካፒላ ባራታናትያምን የሚያስረዱት በሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱን ትከሻ የሚያገናኘው መስመር መሠረት ነው፣ ጫፉ ወገብ ላይ ያርፋል። ከወገብ እንደገና ወደ ሁለቱ ጉልበቶች ይከፈታል። ከጉልበቶቹ ደግሞ ወርዶ ተረከዞቹ ላይ ይገጥማል። ቀና ብዬ ልጅቷን አየኋት። ቁልጭ ብሎ ታየኝ! ትከሻ፣ ወገብ፣ ጉልበት፣ ተረከዝ። የጣሪያ ትረስ የሠራ ሰው ሦስት ማዕዘን ለምን እንደማይጣመም ያውቃል። ያቺ ልጅ ለምን ያን ያህል ቆማ እንደማትደክም ያኔ ገባኝ። ሌሎቹን የውዝዋዜ ዓይነቶችም እንዲሁ በቅርጽ ይለዩአቸዋል። ካታክ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ካታካሊ አራት ማዕዘን ነው። ማኒፑሪ እንደ 8 ቁጥር ይጠማዘዛል። ኦዲሲ ደግሞ ያቺ የድንጋይ ሴት ናት፣ ሦስት ቦታ የምትሰበረው።

ስለዚህ ስብራት የሚያወሩበት ክፍል ለእኔ የመጽሐፉ እምብርት ነው። የህንድ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከአናት ተነስቶ በእምብርት አልፎ ወደ ተረከዝ ከሚወርድ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ነው። ብራህማ ሱትራ ይሉታል። ሱትራ ማለት ክር ነው። እኛ ሳይት ላይ ቱምቢ የምንለው ነው እንግዲህ፤ ክር ላይ የታሰረ ብረት፣ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የምናይበት። ክብደቱ በሁለቱም እግር እኩል ሲያርፍ ሳማባንጋ ነው። ትንሽ ዘንበል ሲል አባንጋ። አንገት፣ ወገብና ጉልበት ላይ ሲሰበር ትሪባንጋ። ከዚያ ሲያልፍ አቲባንጋ፣ የቁጣና የጦርነት አቋም። ለድንጋይ ጠራቢውም ለጨፋሪዋም ክሩ አንድ ነው። ሁለቱ በአንድ ቱምቢ ይሠራሉ። ካፒላ ይህን በገጽ በገጽ ሲያሳዩ የቅኔ መምህር ሳይሆኑ ፎርማን ይመስላሉ። ወደድኳቸው።

ሌላም ነገር ይላሉ። የህንድ ጨፋሪ የሚያስበው በመገጣጠሚያና በአጥንት ነው፣ በጡንቻ አይደለም። የምዕራቡ ባሌት ከመሬት ለመላቀቅ ይታገላል፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ባዶው ቦታ። የህንዷ መሬቱን አትለቅም። ትግሏ ከጊዜ ጋር ነው። ይህቺን አንብቤ መጽሐፉን ዘጋሁና ለተወሰነ ጊዜ የልጅቷን እግር ድምፅ ብቻ አዳመጥኩ።

እጆቹ ሌላ ዓለም ናቸው። አውራ ጣት አጠፍ፣ ሌሎቹ አራቱ ተያይዘው ቀጥ። ፓታካ ይባላል፣ ባንዲራ ማለት ነው። ለምን ለምን እንደሚያገለግል ልጅቷን ስጠይቃት ዓይኗን ጨፍና እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ አወረደችው፦ «ናትያራምቤ፣ ቫሪቫሄ፣ ቫኔ፣ ቫስቱኒሼዳኔ...» ውዝዋዜ ሲጀመር፣ ለደመና፣ ለጫካ፣ «አልፈልግም» ለማለት፣ ለሌሊት፣ ለወንዝ። አንድ መዳፍ ይህን ሁሉ ይናገራል። ዳዊት ሲደግም ያደገ ልጅ አቀባበሏን ቢሰማ አይደንቀውም። ስንኙ የመጣው አቢናያ ዳርፓና ከሚባል ሌላ የጥንት መጽሐፍ ነው፤ እዚያ የአንድ እጅ ምልክቶች 28 ናቸው።

መጽሐፉ የቆመበትን ሐሳብ ባጭሩ የሚናገር አንድ የቆየ ታሪክ አለ፣ ቪሽኑዳርሞታራ ከሚባለው ፑራና፣ ማለትም ከጥንት የሂንዱ መጽሐፍ። ቫጅራ የሚባል ንጉሥ ወደ ጠቢቡ ማርካንዴያ ይሄድና ምስል መቅረጽ አስተምረኝ ይለዋል። ጠቢቡ «የሥዕልን ሕግ ሳታውቅ ቅርጽ አይገባህም» ይለዋል። እሺ ሥዕል አስተምረኝ። «ውዝዋዜ ሳታውቅ ሥዕል አይገባህም።» እሺ ውዝዋዜ። «የመሣሪያ ሙዚቃ ሳታውቅ እንዴት?» እሺ እሱን። «ዜማ ሳታውቅ እንዴት?» እንዲህ እያለ ምስኪኑን ንጉሥ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዜማ፣ አቋቋምና ቅኔ እየተመላለሰ የተማረ የእኛ አገር መሪጌታ ይህን ቢሰማ «ታዲያ ሌላ በየት በኩል ሊሆን ነበር?» የሚል ይመስለኛል። እኛ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባን ነን ዘፈኑን ለብቻ፣ ሥዕሉን ለብቻ፣ ሕንፃውን ለብቻ የቆራረስነው።

የሥነ ጽሑፉ ምዕራፍ ረጅም ነው፣ ቬዳ ከሚባሉት የጥንት የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት እስከ ቴአትሮቹ ይወርዳል። ግማሹን ዘለልኩ። ለጥንቱ የሳንስክሪት ባለቅኔ ለካሊዳሳ ግን ቆምኩ። ማላቪካግኒሚትራ በሚለው ቴአትር ውስጥ ሁለት የውዝዋዜ መምህራን፣ ጋናዳሳና ሃራዳታ፣ ማን ይበልጣል ብለው ይጣላሉ። ዳኛዋ ካውሺኪ የምትባል መነኩሴ ናት። ፍርዷ ደስ ይላል። የራሳችሁን ችሎታ ተዉት፣ ተማሪዎቻችሁን አምጡ፣ የተማሪዋን ጭፈራ እናያለን ትላለች። ደግሞ ልብስና ጌጥ ሳይበዛባቸው ይግቡ፣ የአካላቸው እንቅስቃሴ በደንብ እንዲታይ። ይቺ መነኩሴ የእኛን የሠርግ ቪዲዮ ብታይ ምን ትል ይሆን? ንጉሡ በበኩሉ ስለ መምህራኑ ደንታም የለው፣ ማላቪካን ለማየት ነው የመጣው።

የሙዚቃው ምዕራፍ አልገባኝም። ራጋና ታላ፣ የህንድ ሙዚቃ የዜማ ስልትና ምት፣ ሳይሰማ በወረቀት አይገባም። አለፍኩት።

ቅርጻ ቅርጹን ግን በወረቀት ማየት አልበቃኝም። የሴሚስተር ዕረፍት ላይ ወደ ደቡብ ወረድኩ። ከቼናይ በባቡር ቺዳምባራም ደረስኩ፣ የሚጨፍረው የሂንዱ አምላክ ሺቫ፣ ማለትም የናታራጃ፣ ቤተ መቅደስ ያለበት ከተማ። ጫማዬን በር ላይ አምስት ሩፒ ከፍዬ አስቀመጥኩ። እንደ እኛ ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል፣ ድንጋዩ ግን እግር ይጠብሳል። እየዘለልኩ የምሥራቁ በር ግንብ ጥላ ውስጥ ገባሁ።

ጎፑራም የሚሉት ይህ የበር ግንብ ትልቅ ነው። ሰው የሚያልፍበት መተላለፊያ ግራና ቀኙ በትንንሽ አራት ማዕዘን ምስሎች ተሞልቷል፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ጨፋሪ አለች። እነዚህ ካራናዎቹ ናቸው። ናትያ ሻስትራ 108 ካራና ይቆጥራል፣ የእጅና የእግር እንቅስቃሴ አንድ ላይ ሲገጥም ማለት ነው። እዚህ በር ላይ ከምስሎቹ ጋር የናትያ ሻስትራ ስንኞች ራሳቸው በግራንታ ፊደል ተቀርጸዋል። መጽሐፉ ግድግዳው ላይ ተጽፏል! መመሪያውና ሥራው አንድ ድንጋይ ላይ። እኔ በሠራሁባቸው ሳይቶች ሁሉ ዲዛይኑና ሥራው ተገናኝተው አያውቁም።

የመጀመሪያውን ካራና ፈለግሁ። ታላፑሽፓፑታ ይባላል። ሁለቱ መዳፎች አበባ እንደያዙ ተገጥመው በግራ ጎን በኩል ይሆናሉ። ጎኑ ይታጠፋል። እግሩ በፊተኛው ክፍሉ መሬት ይነካል፣ ተረከዙ ከፍ ይላል። አገኘሁት። መዳፎቹ ከዘመናት የሰው እጅ ንክኪ የተነሳ ለስልሰው ሳሙና መስለዋል። ፎቶ አንስቼ ለአንቲ ስልክ ላክሁ። ማታ ልጅቷ በድምፅ መለሰችልኝ፦ «አና፣ ይሄ ሲጀመር ነው ወይስ ሲያልቅ?»

መልስ አልነበረኝም። ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ። ለካ ጥያቄው የምሁራንም ነው። ካራና የቆመ አቋም አይደለም፣ እንቅስቃሴ ነው። ድንጋይ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ጠራቢው ከእንቅስቃሴው መነሻውን፣ መሐሉን ወይም መጨረሻውን መርጦ መያዝ አለበት። ጨፋሪዋና ተመራማሪዋ ፓድማ ሱብራማንያም ካራናዎቹን እንቅስቃሴ አድርጋ መልሳ ለመጨፈር ዕድሜዋን የሰጠችው ለዚህ ነው። አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ሶፋ ላይ ተጋድማ የጠየቀችውን ማለት ነው።

ታንጃቩርም ሄጄ ነበር። በ1010 የተጠናቀቀው የብሪሃዲሽቫራ ቤተ መቅደስ ላይኛው ፎቅ ውስጥ ሺቫ ራሱ ካራናዎቹን ይጨፍራል፣ 81 ብቻ። የቀሩት 27 ድንጋዮች ቦታቸው ተዘጋጅቶ ሳይቀረጹ ቀርተዋል። ፎቁ ለጎብኚ ክፍት ስላልነበረ ከታች ሆኜ አንጋጥጬ ተመለስኩ። ያላለቀ ሥራ ማየት ለመሐንዲስ ያጽናናል።

አሁን ቅሬታዬ። አንደኛ፣ ፎቶዎቹ። ጥቁርና ነጭ መሆናቸው አይደለም ችግሩ፣ ከጽሑፉ ተለይተው መቀመጣቸው ነው። ስለ አንድ ጉልበት ታነባለህ፣ ጉልበቱን ለማየት ጥራዙን ታገላብጣለህ፣ ስትመለስ ያነበብክበት ጠፍቷል። እኔ በመጨረሻ ሁለት የአውቶቡስ ትኬት ዕልባት አድርጌ ነው የጨረስኩት። ሁለተኛ፣ ሳንስክሪት ይበዛል። የደቡቡን ሰው ቤት ተቀምጦ ለሚያነብ ታሚሉ አነሰ ያሰኛል፤ አንቲም ይህንኑ ነው ያሉት፣ ትንሽ ተቆጥተው።

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ይህ ውዝዋዜ ለዘመናት የኖረው በዴቫዳሲዎች አካል ላይ ነው፣ ለቤተ መቅደስ በተሰጡ ሴቶች። በቅኝ ግዛት ዘመን ስማቸው ጠፋ፣ በማድራስ በ1947 በወጣ ሕግ ልማዱ ታገደ። ከእነሱ እጅ ወጥቶ ወደ ሌላ ቤት ልጆች፣ ወደ መድረክና ወደ ትምህርት ቤት ገባ። ጨፋሪዋ ሩክሚኒ ዴቪ ካላክሼትራ የሚባለውን የጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት በ1936 ነው። የካፒላ መጽሐፍ ዓይኑ ድርሳንና ድንጋይ ላይ ነው። የድንጋዩ ወገብ ምን ያህል እንደታጠፈ በደንብ ታውቃለህ፣ የሴትዮዋን ኑሮ ግን እዚህ አትፈልግ። ለእሱ ሌላ፣ የኋላ ሰዎች የጻፉት መጽሐፍ ያስፈልጋል። ይህን ስል ጥፋት ነው አልልም፣ ሥራው ሌላ ነው። ግን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል።

መግዛት ለምትፈልጉ አንድ ማስጠንቀቂያ። የእኔ ቅጂ ጀርባው እየተላቀቀ ስለሆነ ከኢንተርኔት ሌላ አዘዝኩ። ሻጩን አልጠራውም። የመጣልኝ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ ነገር ነው። ጽሑፉ ይነበባል። ምስሎቹ ግን ከሰል ናቸው፤ ትሪባንጋ ይሁን የተቃጠለ እንጀራ አይለይም። ፎቶዎቹ የማይታዩበት የዚህ መጽሐፍ ቅጂ ዋጋ የለውም። ከመክፈላችሁ በፊት የምስል ገጾቹን ፎቶ አስልኩ፣ ወይም ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ማን ያንብበው? ውዝዋዜ የሚያስተምር፣ የሚቀርጽ፣ የሚስል፣ ቤት የሚሠራ። የህንድ ፊልም ዘፈን የሚፈልግ አይድከም። ከመጀመሪያ ገጽ መጀመርም ግድ አይደለም፤ ከምስሎቹ ጀምሩ፣ ከዚያ ወደ ቅርጻ ቅርጹ ምዕራፍ ግቡ፣ ሲገባችሁ ወደ ፊት ተመለሱ። ከጎናችሁ የሚጨፍር ልጅ ካለ ደግሞ ግማሽ ጊዜ ይቆጥብላችኋል።

የእኔ ቅጂ ኅዳግ ላይ የቀድሞው ባለቤት በእርሳስ የጻፈው ነገር ነበር፣ በታሚል። የምሁር ማስታወሻ መስሎኝ ወር ሙሉ ስጓጓ ኖሬ ልጅቷን አስነበብኳት። «ወተት ሁለት፣ ሽንኩርት አንድ ኪሎ» ነው የሚለው። አልፋቅኩትም።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ሻንጣዬ ሁለት ኪሎ ተኩል አለፈ። አንቲ ሚዛኑን አዩና መጽሐፉን በዓይናቸው አሳዩኝ፣ «ይሄን ተወው፣ በኋላ እንልክልሃለን» አሉኝ። ፎቶ ኮፒውን አውጥቼ ለልጅቷ ሰጠኋት፣ ቀለም ትቀባበታለች። አሁንም አለፈ። ቦት ጫማዬን፣ የሳይት ጫማዬን፣ አውጥቼ በራቸው ላይ ትቼ መጣሁ።